ገፈርሳን ለሦስተኛ ክፍል

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ጠዋት በአካባቢ ሳይንስ ስለ ውኃ ይማራል። ከዕረፍት መልስ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሊትርና ሚሊ ሊትር ያሰላል። ከሰዓት ደግሞ በአማርኛ ስለ አንድ ወንዝ የተጻፈ ምንባብ ያነባል። ልጁ እነዚህን በሦስት ደብተር ስለጻፋቸው ሦስት የማይተዋወቁ ነገሮች ይመስሉታል፤ አንድ ናቸው ብሎ የነገረው የለማ!

አንድን ጉዳይ ከየአቅጣጫው ማስተማር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አካባቢ ሳይንስ የሚባለው ትምህርት ራሱ ተፈጥሮንና ኅብረተሰብን አንድ ላይ ይዞ የሚሄድ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርትም ለታችኞቹ ክፍሎች ይዞት ቀጥሏል። እኔ የምጠይቀው አንድ እርምጃ ወደፊት እንዲኬድ ነው፤ ዓመቱ በጥቂት ትልልቅ ርዕሶች ይከፈል፣ እያንዳንዱ ርዕስ ሳምንታት ይቆይ፣ አማርኛውም ሒሳቡም ሥዕሉም በዚያው ዙሪያ ይሂድ። ርዕሱ ደግሞ ከልጁ ሰፈር ይነሣ።

የአዲስ አበባው ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ለዚህ የታደለ ነው። ኅዳር ላይ አጠና የሚሸጥበትን አጠና ተራን መያዝ ይቻላል፤ የአጠናው ርዝመትና ዋጋ ሒሳብ ነው፣ ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ አዲስ አበባን እንዴት እንዳለበሳት ደግሞ ታሪክ።

እኔን ከሁሉ የሚያጓጓኝ ግን ውኃው ነው። በጋው ሲበረታ ውኃ በፈረቃ ይሆናል፣ ቢጫው ጀሪካን ይሰለፋል፤ ያን ጊዜ ልጆቹ ቤታቸው በቀን ስንት ጀሪካን እንደሚጨርስ ቆጥረው ይምጡ። አንዱ ጀሪካን 20 ሊትር ስለሆነ ማባዛቱን እዚያው ይለማመዱበታል። ቀጥሎ «ከየት ነው የሚመጣው?» ይባል። ከተማዋ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ ከአቃቂ ጉድጓዶችም ትጠጣለች፤ ወደ ምዕራብ በአምቦ መንገድ ቡራዩን ሲያልፉ ያለው የገፈርሳ ግድብ ግን ለኮልፌ ልጅ ጎረቤት ነው ማለት ይቻላል። የትንሹን አቃቂ የላይኛውን ውኃ የሚያጠራቅመው እሱ ነው። ያው ወንዝ ከተማ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚመስል ልጁ ከድልድይ ላይ ቆሞ ሊያይ ይችላል። ላይ የሚጠጣ፣ ታች የሚሸት ውኃ፤ በመካከሉ ምን ተጨመረበት? ይህን የጠየቀ ክፍል ለአንድ ወር የሚበቃ ትምህርት አገኘ።

መጋቢት ሲገባ ስለ ቆሻሻ መማር ይገባል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚሁ ክፍለ ከተማ ቆሼ የሚባለው የረጲ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታውጆ ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ ነሐሴ 2010፣ እዚያው ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራው ጣቢያ ተመረቀ። አደጋውን ማንሣት ለሕፃናት ይከብዳል የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። መምህሯ አስቀድማ በክፍሏ ሐዘኑ የነካው ቤተሰብ መኖር አለመኖሩን ማወቅ አለባት፤ ወላጆችንም ማናገር ይኖርባታል። ይህ ከተደረገ ግን ከቤታችን የወጣው ፌስታል የት እንደሚያርፍ፣ እዚያ ማን እየለቀመ እንደሚኖር የስምንት ዓመት ልጅ ይገባዋል። በሰፈሩ የሞቱትን ሰዎች ትምህርት ቤቱ ካላነሣለት ማን ሊያነሣለት ነው?



በዚህ መንገድ ስለ ማስተማር መምህራን የሚያነሡት ችግር እውነተኛ ነው። ክፍሉ ይጨናነቃል፣ መጽሐፉ በጊዜው ማለቅ አለበት፣ ከፍ ሲል ደግሞ የስድስተኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ይጠብቃል። ሱፐርቫይዘር ሲመጣም የሚጠይቀው ስንተኛ ገጽ ላይ እንደተደረሰ ነው። በዚህ ሁኔታ መምህሯ ብቻዋን ደፍራ ትጀምር ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ነው። ነሐሴ ላይ፣ ትምህርት ሳይከፈት፣ የአንድ ክፍል መምህራን አንድ ላይ ተቀምጠው የዓመቱን ርዕሶች ይምረጡ። የሚያዘጋጁትም የጋራ ዕቅድ እንደ ሕጋዊ ሌሰን ፕላን ይጽደቅላቸው። ሱፐርቫይዘሩም በዚያው ዕቅድ ይመዝናቸው፤ ልጆቹን ጠርቶ «ውኃችሁ ከየት ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃቸው።