ግፊትና ባዶ መሶብ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2007 ዓ.ም. አገር አቀፍ ጥናት አድርጎ ነበር። ከመቶ አዋቂዎች 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው፣ አንድ ሰው በቀን በአማካይ 8 ግራም ያህል ጨው እንደሚመገብ አረጋገጠ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም።

በዚያው ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ አለ። ብዙዎቹ ሸማኔዎች ከጋሞ የመጡ ናቸው። የጥበብ ገበያ በእንቁጣጣሽ፣ በጥምቀትና በፋሲካ ሰሞን ይደራል፤ በዓሉ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል፤ የቤቱም ገበታ አብሮ ይሳሳል። ከገበታ ቀድመው የሚጠፉት ደግሞ ለግፊት የሚበጁት ናቸው። ጎመኑ ይቀራል። ሙዙም፣ ያውም ከአገራቸው ከአርባ ምንጭ የሚመጣው፣ ከተገኘ ለልጆች ነው። የሚቀረው እንጀራና ሽሮ ሲሆን ሽንኩርቱና ዘይቱ የቀነሰበት ወጥ ጣዕም የሚያገኘው ከጨው ነው። ጨው ርካሽ ነው፤ ድሃ ቤት ውስጥ የሌሎቹን ሁሉ ቦታ የሚሸፍነው እሱ ነው።

እንግዲህ ግፊት ያለባት እናት ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ የምትሰማው ምክር የታወቀ ነው፦ ጨው ቀንሺ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ብዪ፣ ኪኒንሽን አታቋርጪ። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ቤቷ ምን እንዳለ የሚጠይቃት ከሌለ፣ ሦስቱም ትእዛዞች ለሌላ ሴት የተሰጡ ይመስላሉ።

የጠየቀ ባለሙያ ግን እንዲህ ያለ መልስ ያገኛል፦ «እማማ፣ መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስዳሉ?»

«የበላሁ ቀን እወስዳለሁ፣ ልጄ።»

እዚህ መልስ ላይ መቆም ያስፈልጋል። «በባዶ ሆድ መድኃኒት አይዋጥም» የሚለው እምነት በየቤቱ አለ፤ ስለዚህ ምሳ ያልተገኘ ቀን ኪኒኑም ይዘለላል። በጾም ወራትም እንዲሁ ይሆናል። ለግፊት በብዛት የሚታዘዙት አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግን ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ መወሰድ ይችላሉ። የሚጾም ሰው ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ወደ ማታ ሊያዞረው ይችላል። ጥንቃቄ የሚያሻው ስኳርም ላለበት ሰው ነው፤ ኢንሱሊንና ግሊቤንክላማይድ ያለ ምግብ ከተወሰዱ ስኳሩን አደገኛ በሆነ መጠን ሊያወርዱት ይችላሉ። ይህን ልዩነት ማስረዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሕይወት ግን ያተርፋል።

ግፊት በአብዛኛው ሕመም አያሰማም። ሳይሰማ ከርሞ ስትሮክ ሆኖ ይመጣል፣ ወይም ኩላሊትን ይጨርሳል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ የተካሄደው እዚሁ ጉለሌ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ትልቅ ሥራ ነው፤ የሚያኮራም ነው። ያም ሆኖ ኩላሊቱ የደከመ ሰው የሚጠብቀው ዲያሊሲስ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚደረግ፣ ቤተሰብን የሚያራቁት ሕክምና ነው። በየቀኑ የምትዋጠው ኪኒን ዋጋ ከዚያ ጋር አይወዳደርም።

ጨውን በተመለከተ ገንዘብ የማይጠይቅ መላ አለ። በርበሬ ሲደለዝ ጨው ይገባበታል፤ በብዙ ቤት ምጥን ሽሮም ጨው ተጨምሮበት ይፈጫል። እናቲቱ ወጡ ላይ ጨው ቆጥባ ብትነሰንስ እንኳ ዱቄቱ ውስጥ ያለውን ማውጣት አትችልም። በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ማስፈጨት፣ ከገበያ የሚገዛም ሻጩን ጠይቆ መግዛት፣ ከአትክልት ምክር ይልቅ ለሽሮ ሜዳ ቤት የሚቀርብ ነው።

የቀረው የመንግሥት ድርሻ ነው። ለድሃ ቤተሰቦች ድጋፍ የሚሰጠው የከተማ ሴፍቲኔት በአዲስ አበባ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በር አንኳኩተው ይገባሉ። በየጤና ጣቢያው የግፊት ካርድ ላይ «ባለፈው ሳምንት ምግብ አጥተው ነበር?» የምትል አንዲት ጥያቄ ትጨመር። «አዎ» ያለ ሰው ስም በፈቃዱ ለወረዳው ሴፍቲኔት ይተላለፍ። ለቀጠሮ መመላለሻ ለሌላቸው ሕሙማንም የሁለት ወይም የሦስት ወር ኪኒን በአንዴ ይሰጣቸው። እናንተም ቤት ውስጥ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ፣ ዛሬ ማታ ኪኒኑን ምግብ በሌለበት ቀን ይወስድ እንደሆነ ጠይቁት።