አይጡ በላ ወይስ ተበላ?

ዛሬ የምመክረው መጀመሪያ ራሴን ነው።

የእህቴ ልጅ ከመርጡለ ማርያም መጥቶ እዚህ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ ነው ያለው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በተቀሰቀሰው ግጭት በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የሱም ትምህርት ተቋርጦ ነበር። አሁን 8ኛ ክፍል ነው። ያመለጠውን እንዲያካክስ ብዬ ስልኬ ላይ አስጠኚ ፕሮግራም ጫንኩለት።

አንድ ማታ ስልኩ «እባብና አይጥ አንድ ማሳ ውስጥ ቢገናኙ አይጡ ምን ይሆናል?» ሲል ጠየቀው። ልጁ «ይበላል» ብሎ ጻፈ። ስልኩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ተሳስተሃል፤ አይጥ እባብ አይበላም!» ደግሞ ጻፈ፤ ደግሞ ተሳስተሃል ተባለ። እኔም ሳላጣራ «ስለማታነብ ነዋ!» ብዬ ጮኽኩበት። ልጁ ስልኩን አስቀመጠና «ጋሼ፣ ለኔ ትምህርት አልሆነኝም፤ አገሬ ገብቼ ከብት ልጠብቅ» አለኝ። ክው አልኩ።

«እስቲ የጻፍከውን አንብብልኝ» አልኩት። «በ»ን ጠበቅ አድርጎ «ይበላል» አለ። ለካስ እባቡ ይበላዋል ማለቱ ነው! ስልኩ «በ»ን አላልቶ አይጡን በላተኛ አድርጎታል። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይማ!

ነገሩ ከነከነኝና አገላበጥኩ። አሜሪካ በሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠራው አውቶቲዩተር፣ ተማሪው በራሱ ቃል የሰጠውን መልስ ከትክክለኛው መልስና ከተለመዱ ስህተቶች ጋር እያስተያየ የጎደለውን በጥያቄ ያወጣጣል። ግን ለእንግሊዝኛ ነው። የኛ ቋንቋ ሌላ ነው፤ «አልገባኝም» የምትለው አንዲት ቃል ግሡንም፣ አሉታውንም፣ «እኔ»ንም ይዛለች። እንዲህ ያለውን ቃል የሚፈታታ ሆርንሞርፎ የተባለ ፕሮግራም አለ፤ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር በ2011 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ አውጥተውበታል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ይሠራል።

እንግዲህ አስጠኚው ፕሮግራም ሁለቱንም ንባብ ይዞ «በልቶ ነው ተበልቶ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ልጁ ባላዘነ። በጎጃም ቅኔ ቤትስ መምህሩ ቅኔውን ከተማሪው አፍ ሰምቶ አይደል የሚያርመው?

እስከዚያው ወጣቶች፣ ስልክ «ስህተት» ሲላችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። መልሳችሁን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። «አይጡ በእባብ ይበላል» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ። «ምን ያልኩ መስሎህ ነው?» ብላችሁም ጠይቁት። ታላላቆች ደግሞ ከመቆጣታችን በፊት እንስማ።

ልጁን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ትናንት «በእባብ» የምትለዋን ጨምሮ ጻፈና ሣቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ አሁን ገባው» አለኝ።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።