«ተከላከል» ማለት «ተፈረደብህ» ማለት አይደለም



እዚህ አሰላ ካምፓስ አንድ ተከሳሽ «ተከላከል» መባሉን ስንሰማ፣ ብዙዎቻችን «ተፈረደበት» እያልን እናወራለን። ስህተት ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 141 እንደሚለው፣ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን አሰምቶ ሲጨርስ ዳኛው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ተከሳሹ ባያስተባብለው ይህ ማስረጃ ጥፋተኛ ያሰኘዋል? ካላሰኘው በነጻ ይሰናበታል። ካሰኘው ይከላከላል። የማን ምስክር ይበልጥ ይታመናል የሚለው የሚመዘነው መከላከያው ከተሰማ በኋላ ነው። መድረሳ የተማርነውም ይኸንኑ ነው፤ ማስረጃ የማቅረብ ሸክም የከሳሽ ነው፣ ቃዲም ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አይፈርድም።

ሆኖም «ገና አልመዝንም» ማለት «አላይም» ማለት አይደለም። የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴያችንን እናስታውስ። እስሩ የተጀመረው ሐምሌ 2004 ነው። ፍርድ ቤቱ ታኅሣሥ 2006 የተወሰኑትን በነጻ አሰናብቶ ቀሪዎቹን «ተከላከሉ» አለ። ጥፋተኛ የተባሉት ሰኔ 2007 ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ እስር ቤት ሆነው ተከራከሩ። አንዲት ቃል ዓመት ከመንፈቅ ታስከፍላለች። ስለዚህ ወንጀሉን ከሚያቋቁሙት ነጥቦች አንዱ እንኳ ማስረጃ ከጎደለው፣ ዳኛው «በመከላከያ ይጣራል» ብሎ ማለፍ የለበትም። የከሳሽን ጉድለት ተከሳሽ አይሞላም።

እኛም ዳኛው ያልፈረደውን በወሬ አንፍረድ። ተከሳሹ ወንድማችን ቢሆንም ባይሆንም ሚዛኑ አንድ ነው።

አላህ በፍትሕ ከሚቆሙት ያድርገን። አሚን።