የማመልከቻ ድርሰት በአሜሪካ ኮሌጆች ሚዛን

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ስመ ጥር ወደ ሆኑት ኮሌጆች ለመግባት የሚፈልግ ወጣት፣ ማርኩንና የመምህራኑን ምስክርነት ከማቅረቡ ሌላ ስለ ራሱ ሕይወት የሚናገር ድርሰት ጽፎ መላክ ይገባዋል። ብዙ ኮሌጆች በኅብረት የሚገለገሉበት ኮመን አፕሊኬሽን የተባለው ማመልከቻ የድርሰቱን ልክ ከ250 ቃላት እንዳያንስ፣ ከ650ም እንዳይበልጥ ወስኖታል። ይህች አጭር ጽሑፍ በልጁ ዕድል ላይ ምን ያህል ትፈርዳለች? ልጃቸውን ባሕር ማዶ ለማስተማር የሚያስቡ ወላጆች አጥብቀው የሚጠይቁት ነገር ስለ ሆነ መመርመሩ ተገቢ ነው።

አስቀድሞ የነገሩን ምንጭ እንመልከት፤ ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሃርቫርድን የመሰሉ ኮሌጆች ተማሪ የሚቀበሉት በአብዛኛው በፈተና ነበር። ፈተናውን የሚያልፉ የአይሁድ ልጆች ቁጥር እየበዛ በሄደ ጊዜ፣ የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ሎረንስ ሎዌል በ1922 ቁጥራቸው እንዲወሰን ሐሳብ አቀረቡ። ግልጽ ገደብ ማድረጉ ተቃውሞ ስለ ገጠመው፣ በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ «ጠባይ» የሚባል፣ በቁጥር የማይለካ መመዘኛ ገባ። ጀሮም ካራቤል የተባሉት የሶሲዮሎጂ ሊቅ በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን በዝርዝር አስረድተዋል። እንግዲህ ሰውየውን እንጂ ማርኩን ብቻ አናይም የሚለው ቃል፣ ዛሬ ሲሰሙት መልካም ቢመስልም፣ ትውልዱ ንጹሕ አይደለም።

ወደ ክብደቱ ስንመለስ፣ ማርኩ ደካማ የሆነውን ልጅ ድርሰት ብቻውን አያስገባውም፤ ኮሌጆቹም በአንደኛነት የሚቈጥሩት ማርክንና የተማረውን ትምህርት ጥንካሬ ነው። ይሁን እንጂ ሃርቫርድ በ2023 መጸው ለሚጀምሩት ተማሪዎች ወደ 57 ሺህ የሚጠጋ ማመልከቻ ደርሶት የተቀበለው ከ2 ሺህ ያነሱትን ነው። ከቀሩት መካከል እጅግ ብዙዎቹ በማርክ የማይነቀፉ ነበሩ። ሁለቱ የሚዛን ሳሕኖች እኩል በቆሙ ጊዜ አንድ ወቄት እንደምትደፋቸው ነጋዴ ያውቃል፤ የድርሰቱም ኃይል በዚያ ቦታ ነው።

ይህችን ወቄት ያከበዳት ደግሞ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 29 ቀን 2023 ኮሌጆች በዘር ለይተው ተማሪ መቀበላቸውን ከለከለ። ዋናው ዳኛ ጆን ሮበርትስ ግን አመልካቹ ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደ ነካው በድርሰቱ ቢገልጽ ኮሌጁ ሊመለከተው እንደሚችል፣ የተከለከለውን ነገር በድርሰት ሽፋን መመለስ ግን እንደማይፈቀድ ጻፉ። በፊት በቅጹ ላይ በአንድ ምልክት ይነገር የነበረው ነገር አሁን በድርሰቱ ውስጥ ካልተተረከ አይታይም።

ችግሩ ግን የድርሰቱ ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው። በየፍርድ ቤቱ ደጅ ተቀምጦ አቤቱታ የሚጽፈውን ራፖር ጸሐፊ የማያውቅ አስተዳዳሪ የለም። ጽሑፉ ሲያምር ያማረው የባለ ጉዳዩ እውነት ነው ወይስ የጸሐፊው ብዕር? በአሜሪካም ባለጸጋ ወላጅ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ለልጁ የድርሰት አማካሪ ይቀጥራል። ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያመለከቱ የ60 ሺህ ተማሪዎች ድርሰት ተመርምሮ በ2021 በታተመው ጥናት፣ የድርሰቱ ይዘት ከወላጆች ገቢ ጋር ያለው ዝምድና ኤስ.ኤ.ቲ. የተባለው ፈተና ካለው ዝምድና የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ፈተናው ለሀብታም ያዳላል የሚሉ ሰዎች ይህን ሊያስቡበት ይገባል። በ2022 መጨረሻ ደግሞ ቻትጂፒቲ መጣና ለድኻውም ነጻ ራፖር ጸሐፊ ሰጠው፤ በዚህም የድርሰቱ ተአማኒነት ከፊተኛው ይልቅ ቀነሰ።

ኮሌጆቹም ይህን አውቀውታል። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ኤስ.ኤ.ቲ.ን ትተው ከነበሩት መካከል ኤም.አይ.ቲ. በ2022፣ ዳርትመዝና ሃርቫርድ በ2024 ፈተናን ግዴታ ወደ ማድረግ ተመለሱ። ዱክ ዩኒቨርሲቲ በ2024 ድርሰቱን ማንበቡን ሳይተው ነጥብ መስጠቱን አቆመ።

ከኢትዮጵያ የሚያመልክት ልጅ በአገሩ የዩኒቨርሲቲ በር የሚከፈተው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስለ ሆነ፣ ስለ ራሱ ጻፍ ብሎ የጠየቀው የለም። ስለ ራስ መናገርን ነውር አድርጎ ያሳደገው ቤትም ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ በባዕድ ቋንቋ ራሱን አጕልቶ እንዲያሳይ ሲታዘዝ፣ ዝምታው የችሎታ ጕድለት ተብሎ ሊነበብበት ይችላል።