የወንጀል ልብ ወለድ የሥራ ፈት ንባብ ነውን?

የወንጀል ልብ ወለድ የያዘ እጩ መምህር ሲታይ «ሥራ ፈት!» ማለት በመካከላችን ተለምዷል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ምክንያታችንን በአንድ ስዊድናዊ ደራሲ፣ በስቲግ ላርሰን ሕይወት እናስረዳለን።

ላርሰን እ.ኤ.አ. በ1954 ተወለደ። እስከ 1999 በአገሩ የዜና ወኪል ሠራ። ዋና ትግሉ ግን ሌላ ነበር፤ ይኸውም በስዊድን የሚንቀሳቀሱትን ናዚዎችና ዘረኞች እየተከታተለ ማጋለጥ። በ1991 ከአንዲት ጋዜጠኛ ጋር ሆኖ ስለ ቀኝ አክራሪዎች መጽሐፍ አሳተመ። በ1995 «ኤክስፖ» የተባለውን መጽሔት ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። በ1996 የመጽሔቱ አታሚዎችና ሻጮች ጥቃት ሲደርስባቸው፣ ሁለት ትልልቅ ጋዜጦች ከራሳቸው እትም ጋር አድርገው አሰራጩት። እርሱም ራሱ የግድያ ዛቻ አላጣውም።

ታዲያ ይህ ሰው ማታ ማታ ቁጭ ብሎ የወንጀል ልብ ወለድ ጻፈ። ትግሉን ትቶ ሸሸ እንበል? ኧረ በፍጹም! የመጀመሪያው መጽሐፍ የስዊድንኛ ርእስ «ሴቶችን የሚጠሉ ወንዶች» ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጋዜጠኛ ነው፤ የሚመረምረውም ናዚዎች የነበሩበትን የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ምሥጢር ነው። ትግሉ ያው ነው፤ የተለወጠው መንገዱ ብቻ ነው።

ላርሰን የድካሙን ፍሬ አላየም። በኅዳር 2004 በ50 ዓመቱ በልብ ድካም ሞተ፤ መጽሐፉ የወጣው በ2005 ነው። ሦስቱ መጻሕፍት ከ80 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጡ። ለብዙ ዓመታት አብራው የኖረች ጓደኛው ግን በሕግ አልወረሰችም። አድራሻቸው በመዝገብ ወጥቶ ጠላት እንዳያገኛቸው ሲሉ ሳይጋቡ መኖራቸውን እርሷው ገልጻለች። የትግል ዋጋ እንዲህም ይከፈላል።

እርግጥ ደም እያፈሰሰ ገጽ ብቻ የሚሞላ መጽሐፍ ሞልቷል። እርሱን አናወድስም። የላርሰን ልብ ወለድ ክብደት ያገኘው ግን ከበስተኋላው የብዙ ዓመት ምርመራ ስላለ ነው። የጋዜጣ ዘገባ ያልደረሰበት ቤት ሁሉ ታሪኩ ገባ።

ይህ ለእኛ ለነገ መምህራን ትልቅ ትምህርት ነው። ዕውቀት ሳይኖረው ወግ የሚያሳምር መምህር ተማሪን ያስቃል እንጂ አያስተምርም። ዕውቀት ይዞ ማውጋት ያቃተው ደግሞ ክፍሉን ያስተኛል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ስለዚህ መጽሐፉን በሽፋኑ አንፍረድበት፤ አንብበን እንከራከር። የማትስማሙ ካላችሁ ጽፋችሁ አምጡ፤ ከዚሁ ጎን እንለጥፈዋለን።