ጭራቁ ማን ነው? ስለ ሃሎዊን ፊልሞችና ስለ ገዛ ፍርሃታችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጥቅምት በተጋመሰ ቁጥር ፊት የተቀረጸበት ዱባ፣ የአጽምና የጭራቅ ልብስ የለበሱ ሰዎች ምስል በስልኮቻችን መዘዋወር ይጀምራል። ይህ ምዕራባውያን ኦክቶበር 31 ማታ የሚያከብሩት ሃሎዊን ነው። ስሙ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን ከስሙ በቀር ከቅዱሳን ጋር የሚያገናኘው ነገር እምብዛም አልቀረም። በእኛ አቆጣጠር ዕለቱ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ይውላል፤ ይኸውም የእመቤታችን ወርኃዊ መታሰቢያ ነው። ስለዚህ የወልድያ፣ የመርሳም ሆነ የሀብሩ ገጠር ክርስቲያን ወጣት በዓሉ የትኛው እንደ ሆነ ያውቃል።

ይሁን እንጂ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት ሌላ ነው፤ «በዓሉን ባናከብርስ፣ የሚያስፈራውን ፊልም ማየት ምን ክፋት አለው?» ትላላችሁ። አስማትንና ጥንቆላን የሚያስወድድ፣ በደም መፍሰስ የሚያዝናና ፊልም ነፍስን እንደሚያቆሽሽ ግልጽ ነው። ከዚያ የተለየ ሲያጋጥማችሁ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ይህ ታሪክ ጭራቁን የት ያስቀምጠዋል?

ከቀደሙት የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድራማዎች አንዱን እንመልከት። ሮድ ሰርሊንግ በፈጠረው «ትዋይላይት ዞን» ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960 የታየ፣ በሜፕል ጎዳና ስለሚመጡ ጭራቆች የሚናገር ክፍል አለ። በአንድ ሰላማዊ መንደር ምሽት ላይ መብራቱ ይጠፋል፣ ስልኩ ይዘጋል፣ መኪናው አልነሣ ይላል። አንድ ልጅ ከሌላ ዓለም የመጡ ጠላቶች ሰው መስለው በመካከላቸው እንደሚኖሩ ይናገራል። ከዚያ በኋላ የአንዱ መኪና ብቻውን ቢነሣ ያ ሰው ተጠረጠረ፤ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ሰማይ ማየቱም ወንጀል ሆነበት። ወሬ ሊጠይቅ ወደ ሌላ መንደር ሄዶ በጨለማ የተመለሰውን ጎረቤታቸውን ጭራቅ መስሏቸው በጥይት ገደሉት። በመጨረሻ እውነተኞቹ ጠላቶች ከኮረብታ ላይ ሆነው ይታያሉ። መብራት ከማጥፋትና ከማብራት በቀር የሠሩት ነገር የለም፤ የቀረውን ሰዎቹ ራሳቸው ፈጸሙት።

ይህ ለእኛ ሩቅ ታሪክ ነውን? ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ሥር ሲወድቁ መብራትም ስልክም አልነበረም። ጨለማ ምን እንደሆነ ከፊልም አልተማርነውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ሹክሹክታ የሰውን ሕይወት ሊያስከፍል እንደሚችል፣ ደግሞም ያለችውን እንጀራ ሃይማኖት ሳይለይ ከጎረቤቱ ጋር የሚቆርስ ሰው ምን ያህል ብርሃን እንደሆነ የምናውቅ እኛ ነን።

እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው «ስኩቢ ዱ» የተባለው የልጆች ካርቱንም ሌላ ነገር ያሳያል። ወጣቶቹና ውሻቸው መንፈስ የተባለውን ተከታትለው ይይዙና ጭንብሉን ሲገፉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ፍርሃት ጥቅም የሚፈልግ ሰው ሆኖ ይገኛል። ጠንቋይ ቤት በግና ገንዘብ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አስቡ፤ ከፍርሃታችሁ የሚያተርፈው ማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እኛም የራሳችን የጨለማ ታሪክ አለን። ሌሊት ጅብ ሲጮኽ ስሙ የሚነሣው ሰው አለ። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው «ቡዳ ነው» እየተባሉ ስንት ዘመን በጋብቻና በማዕድ ተገለሉ! ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ልማዱ ግን ከአዋጁ በኋላም ዘለቀ። ጌታችን በጸራቢ ቤት ማደጉን፣ ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ መኖሩን የምናስተምር እኛ፣ የምንሳለመው መስቀል የአንጥረኛ፣ ለቅዳሴ የምናጣፋው ነጠላ የሸማኔ እጅ ሥራ መሆኑን እንዴት ዘነጋን?

ሰይጣን የለም እያልሁ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ክፉ መንፈስ መኖሩን ታስተምራለች፤ በጸሎትና በጸበልም ትዋጋዋለች። ነገር ግን አንድ ነገር አስተውሉ። በጸበል ቦታ የታመመች እኅት ስትጮኽ «የያዘኝ እገሌ ነው» የሚል ድምፅ ይሰማና፣ የቆመው ሕዝብ ያን ስም ይዞ ወደ መንደር ይመለሳል። ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ዲያብሎስን ሐሰተኛ፣ የሐሰትም አባት ብሎታል። ታዲያ ሐሰተኛው በጎረቤታችን ላይ ሲመሰክር እንደ እውነተኛ ምስክር የምንቀበለው ስለ ምንድን ነው? እርሱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ አንዲቱን በሕመም፣ መንደሩን በጥላቻ መያዝ። ክፉው መንፈስ ወጣ ብለን እልል ስንል፣ በአፉ የተናገረውን ስም በልባችን ይዘን ከሄድን አብሮን ወጥቷል እንጂ አልተሸነፈም።

በወንጌልም የሚያስፈራ ሌሊት ተጽፏል። ማቴዎስ በምዕራፍ 14 እንደሚነግረን፣ ደቀ መዛሙርቱ በማዕበል መካከል በባሕሩ ላይ የሚሄድ አይተው ምትሐት መሰላቸውና ጮኹ። የመጣው ግን ሊያድናቸው የወደደ ጌታ ነበር። ፍርሃት አዳኝን እንኳ ምትሐት አድርጎ ያሳያል። ጌታን እንዲህ ካሳየ፣ ጎረቤትን ጅብ አድርጎ ቢያሳይ ምን ይደንቃል?

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፤ ታናናሾቻችሁ የሚያዩትን አብራችሁ እዩ፣ ጭራቁ የት እንደተቀመጠም ጠይቋቸው። ልጆችን በጎረቤት ስም አታስፈራሩ። በቡና ላይ የሰው ስም በክፉ ሲነሣ ወሬውን በእናንተ ዘንድ አስቀሩት። ከጸበል ስትመለሱ ጸበሉን ይዛችሁ ኑ፤ ስሙን ግን እዚያው ተዉት። በመንደራችሁ የተገለለ ባለሙያ ካለ በሚቀጥለው የጽዋ ማኅበራችሁ ከመካከላችሁ አስቀምጡት። ሐዋርያው ዮሐንስ ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን እንደሚያስወጣ አስተምሮናልና፣ ፍርሃታችንን የምናሸንፈው የፈራነውን ሰው በመውደድ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።