ጠማማ አከርካሪ በ«ቀና በል» አይቃናም

«የልጆች አከርካሪ የሚጣመመው በሸክምና በአቀማመጥ ጉድለት ነው» የሚለው አባባል ለእናት ጸጸት እንጂ መፍትሔ አይሰጥም። በጉርምስና የሚመጣው መጣመም መንስኤው በአብዛኛው አይታወቅም፤ ጄሪካን መሸከም እንደሚያመጣው አልተረጋገጠም። መፍትሔ ግን አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት እንዳሳየው፣ የጀርባ ድጋፍ (ብሬስ) ከለበሱ ታዳጊዎች 72 በመቶው ለቀዶ ሕክምና ከሚያደርስ መጣመም ተርፈዋል፤ ካልለበሱት 48 በመቶው ብቻ።

ጉብጠቱ ከአከርካሪ ቲቢ ከሆነማ «ቀና በል» የሚለው ምክር አደገኛ ነው፤ የቲቢ መድኃኒት ከዘገየ እግር ሽባ ሊሆን ይችላል። አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ሪክ ሆድስ ከአዲስ አበባ ወደ ጋና ለቀዶ ሕክምና የላኳቸው ሕሙማን ያጡት ተግሣጽ አልነበረም፤ ሕክምና ነው።

ልጁን መቆጣት ትተን ወደ ፊት አስጎንብሰን ጀርባውን እንይ፤ አንዱ ጎን ከፍ ካለ ሳንውል ሳናድር ጤና ጣቢያ እናድርሰው።